ነጠላዋን ነበር የማውቀው

ያላወቁትን ሰው ምስጢር መጠበቅ፣ ምስጢር መጠበቅ ይባላል?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንስቼ ጥዬዋለሁ፤ መልስ አላገኘሁለትም። ሞጣ ላይ ሰዎች ስለ እኔ ሲያወሩ፣ «ሲስተር እናኑ አፏ ድንጋይ ነው፤ ገበያ ላይ ብታገኝሽ እንኳ እንደማታውቅሽ ሆና ነው የምታልፍሽ» ይሉ ነበር። ምስጋና ነው። ለአንዲት ነርስ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም። እኔ ግን እንደማላውቅ ሆኜ አልነበረም የማልፈው። በእውነት አላውቃቸውም ነበር።

የሰው ፊት አልይዝም። አየዋለሁ፤ ዓይኑን፣ አፍንጫውን፣ ጥርሱን ለየብቻ አያለሁ፤ ዞር ስል ግን ከውስጤ ይጠፋል። ደግሜ ሳየው አዲስ ነው። ይህን ነገር ይዤ ነው ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ያከምኩት።

የተወለድኩት ለቢቸና ቅርብ በሆነች የገጠር ቀበሌ ነው። ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ልጅ ካዘሉ በኋላ ነው፤ እኔም ተድሬ ፈትቼ ነው የገባሁት። ከትንንሽ ልጆች ጋር ጉልበቴን አጣጥፌ ስቀመጥ ወንበሩ ይጮኽ ነበር። ፊደሉን ግን ቶሎ ያዝኩ። አንድ ጊዜ ያነበብኩት ገጽ ዓይኔ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ የትኛው መስመር ላይ ምን እንዳለ ዛሬም መናገር እችላለሁ። ለሰው ሲሆን ይህ ሁሉ አይሠራም። አስተማሪያችንን የማውቃቸው በካፖርታቸው ነበር። አንድ ቀን ሙቀት ሆነና ካፖርታቸውን አውልቀው ክፍል ገቡ። ቀጥ ብዬ ሄጄ፣ «ጌታዬ፣ አስተማሪው መቼ ነው የሚመጡ?» ብዬ ራሳቸውን ጠየቅኋቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያሾፍኩ መስሏቸው ከሰሌዳው ሥር አንበረከኩኝ። ተንበርክኬም ቢሆን የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ሌሎቹ ልጆች ያለ ካፖርት እንዴት አወቋቸው?

ሰው ሁሉ እንደ እኔ እየለፋ የሚለይ፣ እኔ ብቻ ስንፍና ያለብኝ ይመስለኝ ነበር።

የጤና ረዳትነት ኮርሱን ጨርሼ መጀመሪያ የተመደብኩት እዚያው ቢቸና ነው። ቁስል እጠርግ፣ መርፌ እወጋ፣ ሕፃናት እከትብ ነበር። ሥራዬን የሚነቅፍ አልነበረም። የነቀፉኝ በሌላ ነው። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ደሴ አንድ ጠዋት ቢሮ ጠሩኝ።

«ቁጭ በይ» አሉኝ። «ኩራተኛ ነች እየተባልሽ ነው።»

«ማን አለ ጌታዬ?»

«ማንም አይደለም፤ የኔው ሚስት ናት። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስትወጡ ፊት ለፊት ገጥማሽ ሰላም ሳትያት አለፍሽ። ባለፈው እሑድ ከእጇ ጎርሰሽ የለም እንዴ?»

«አላየኋቸውም።»

«አይተሻታል። ዓይን ለዓይን ነው የተያየን ትላለች። እናኑ፣ እዚህ አገር ሰው መርፌሽን ይቅር ይልሻል፤ ሰላምታሽን ግን አይተውልሽም።»

ምን ልበላቸው? ሚስታቸው የእሑዱን ቀሚስ ቀይረው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ሰላም ማለት ያዝኩ። ለሁሉም አንገቴን እሰብራለሁ፣ ስለ ቤተሰቡ እጠይቃለሁ። አንድ ቀን መናኸሪያው አጠገብ አንድ ሰውዬ ትኩር ብሎ ሲያየኝ የማውቀው መሰለኝና፣ «እንዴት ሰነበትክ፣ ባለቤትህ ደኅና ናት? ልጆቹስ?» አልኩት።

ሰውዬው ደነገጠ። «እኔ እኮ ከሉማሜ ጨው ይዤ የመጣሁ መንገደኛ ነኝ እመቤት። ሚስቴን ከየት አወቅሻት?»

ሽንኩርት የሚሸጡት ሴቶች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አንዷ፣ «ተወው አያ፣ ሲስተራችን ባል እያፈላለገች ነው!» አለች። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሌላ ምን አማራጭ አለኝ።

በዚህ ዓይነት አንድ በአንድ ዘዴ አበጀሁ። ሰውን በአረማመዱ፣ በጫማው፣ በሳሉ፣ በነጠላው ጥለት፣ በድምፁ መያዝ ተማርኩ። አንገቷ ላይ ንቅሳት ያላት ሴት እፎይታዬ ናት። ጺሙን የተላጨ ወንድ ጠላቴ ነው። ሰው ሲገባ ቶሎ ስሙን አልጠራም፤ እስኪናገር እጠብቃለሁ። ዝምተኛ የተባልኩት ለዚህ ነው። መጽሐፍ የወደድኩትም ሳይሆን አይቀርም ለዚህ ነው፤ መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ ስሙ ተጽፎበታል።

ነርስነቱን ተምሬ ስመለስ ወደ ሞጣ ተዛወርኩ። ደመወዙ ትንሽ ከፍ አለ፤ የቤት ኪራዩም አብሮ ከፍ አለ። የሠራሁበትን ጤና ጣቢያ ስሙን አልጠራውም፤ ከዚያ ወዲህ ሠራተኛውም አሠራሩም ተለውጧል። ለእኔ ሞጣ ማለት ሲስተር ዘይነባ ናት።

ዘይነባ የደሴ ከተማ ልጅ ናት። በዕድሜ እኩያ ነበርን፤ በሥራ ግን እናቴ ነበረች። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ወደ ወረዳዎች መውረድ ሲጀምር ክፍሉን የከፈተችው እሷ ናት፤ እኔን አጠገቧ አስቀምጣ አስተማረችኝ። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረችው፤ ብርሃኑ በሽተኛው ፊት ላይ እንዲያርፍ። በሽተኛው ከበሩ ተነስቶ ወንበሩ እስኪደርስ ድረስ ብዕር አታነሳም፤ ታየዋለች። ተከናንቦ የመጣውን፣ «አብሽሪ፣ እዚህ ማንም የለም» ወይም «አብሽር ወንድሜ» ብላ ነጠላውን በራሱ እጅ እስኪያወርድ ትጠብቃለች። አትቸኩልም፤ አታስገድድም። ስም ኮሪደር ላይ አትጠራም። ከዚያ በኋላ ነው እጇን በሙቅ ውኃ ታጥባ፣ አድርቃ፣ የታችኛውን የዓይን ሽፋን ወደ ታች ሳብ አድርጋ ደሙን የምታየው፤ ምላስ ታያለች፤ ጥፍር ታያለች፤ ከጆሮ ሥር እስከ አንገት ዕጢ ትዳስሳለች።

«ሚዛኑ የሚነግርሽ ከወር በኋላ ነው» ትለኝ ነበር። «ፊት ዛሬውኑ ይነግርሻል። እዚህ ጋ፣ ጉንጩ ሥር፣ ትንሽ ጎደል ስትል ታይሻለች አይደል?»

«አዎ» እላታለሁ። ጉንጩን አያለሁ። ባለፈው ወር እንዴት እንደነበረ ግን ባዶ ነው።

የዘይነባ ነገር የተለየ ነበር። እኔ አንዱንም እንዳልያዝኩ ሁሉ እሷ አንዱንም አትረሳም። አንድ ጊዜ በር ላይ ያየችውን ሰው ከዓመታት በኋላ፣ አርጅቶም ከስቶም ታውቀዋለች። አንድ ቀን ለክትባት የመጣ ሕፃን አይታ፣ «የዚህ ልጅ አያት የዛሬ ስንት ዓመት እግሩን ሰብሮ መጥቶ ነበር» አለች። የልጁ እናት አፏን ያዘች፤ እውነት ነበር።

ይህ ስጦታ ገበያ ላይ ቀንበር ሆነባት። ቅዳሜ ዕለት ስንወጣ አንገቷን ደፍታ፣ መሬት መሬት እያየች ነው የምትሄደው። ቀና ካለች በየመደቡ ላይ የክፍላችንን ሰዎች ታያለች፤ እነሱም እንዳወቀቻቸው ከዓይኗ ያነቡታል። «ዓይኔን እንዴት እንደማደርገው አላውቅም እናኑ» አለችኝ አንድ ጊዜ። «አውቄ ባልፍ ይፈራሉ፤ ፈገግ ብልም ይፈራሉ።» እኔ አጠገቧ ቀና ብዬ፣ ሰዉን ሁሉ እንደ ዛፍ እያየሁ እሄዳለሁ። ሰው ያመሰገነው እኔን ነው። ከደብረ ወርቅ፣ ከሌላም አገር፣ «ያቺ የማታውቀዋ ዘንድ መዝግቡኝ» እያሉ የሚመጡ ነበሩ። ዘይነባ እየለፋች የምትጠብቀውን ነገር እኔ ያለ ልፋት እጠብቀው ነበር።

ቀስ በቀስ ክፍሉ የእኔ ሆነ፤ ዘይነባ ወደ ማዋለጃው ተዛወረች። እኔም አንድ ነገር ለወጥኩ። ነጠላ ማስገለጡን ተውኩት፤ ወንበሩም ከመስኮቱ ዞረ። ምላስና ዓይን ለማየት ብቻ ትንሽ ከፍ አድርጌ መልሼ አለብሳቸዋለሁ። ፊቱ ለእኔ ምንም ስለማይነግረኝ ማስገለጡ ጭካኔ ይመስለኝ ነበር። በሽተኞቹም ለዚህ ወደዱኝ።

አንጓች የምትባል ሴት ከእነዚህ አንዷ ነበረች። ጌሾ ነጋዴ ናት። መጀመሪያ ዘይነባ ነበረች የመዘገበቻት፤ ከዚያ ከዓመት በላይ በየቀጠሮዋ እኔ ዘንድ መጣች። ባሏ ለሥራ ርቆ የሄደ፣ ከባሏ ቤተሰብ ጋር በአንድ ግቢ የምትኖር ሴት ነበረች፤ ትልቁ ፍርሃቷ እነሱ እንዳያውቁባት ነው። እኔ የማውቃት በነጠላዋ ነበር፤ አረንጓዴ ጥለት አለው፣ ጌሾ ጌሾ ይሸታል። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ስትቀመጥ ቀኝ ጉልበቷን ቀድማ ታጥፋለች። ይህ ይበቃኝ ነበር።

አንድ የቀጠሮ ቀን ነጠላው መጣ። አረንጓዴው ጥለት፣ የጌሾው ሽታ፣ ቀጭኑ ድምፅ።

«እንዴት ከረምሽ አንጓች?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ሲስተር።»

ሚዛን ላይ አወጣኋት፤ ጨምራለች። ምላሷ ንጹሕ ነው። ዓይኗ ደም አለው። ይዛው የመጣችው ትራፊ ኪኒን ሲቆጠር ልክ ነው። ደስ አለኝ። በሚቀጥለውም ቀጠሮ ጨመረች። መድኃኒቱ ሲሠራ እንዲህ ነው ብዬ አመንኩ። እንዲያውም ተስፋ ለቆረጡ ሌሎች በሽተኞች፣ ስሟን ሳልጠራ፣ «አንዲት እህታችሁ እንዲህ ሆና እንዲህ ሆነች» እያልኩ ምሳሌ አደረግኋት።

አንድ ቀን ዘይነባ ጓንት አልቆባት ልትጠይቀኝ ገባች። ሴትዮዋ መድኃኒቷን ተቀብላ ነጠላዋን እያስተካከለች ስትወጣ በሩ ላይ ተላለፉ። ዘይነባ ዞር ብላ አየቻት።

«ያቺ ማን ናት?»

«አንጓች ናት እንጂ፤ አንቺው የመዘገብሻት። እንዴት እንዳማረባት አየሽ?»

ዘይነባ በሩን ዘጋችው። «እናኑ፣ ያቺ አንጓች አይደለችም።»

«እንዴት አይደለችም? ካርዷን ይዛ...»

«ካርዱን ተይው። ይቺ ታናሿ ናት። አንጓች መጀመሪያ የመጣች ቀን ውጭ ቆማ ስትጠብቃት አይቻታለሁ። ጉንጯ ይመሳሰላል፤ ዓይኗ ግን ሌላ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንጓች የት ናት?»

ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ሚዛኑ ጥግ ላይ ቆሟል። ለወራት የመዘንኩት ጤነኛ ሰው ነበር።

«እንዴት ሳታዪ ቀረሽ?» አለችኝ ዘይነባ። ቁጣ አልነበረም፤ ሊገባት ፈልጋ ነው።

«ተከናንባ ነበር» አልኳት።

ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ ጓንቱን ይዛ ወጣች።

ነገሩ ሲጣራ እንዲህ ነው። አንጓች ስእለት ገብታ ጸበል ወርዳለች፤ ወደ ዓባይ በሚያወርደው በረሃ ውስጥ። ጸበሉንም ኪኒኑንም አብራችሁ ውሰዱ የሚሉ አባቶች ነበሩ፤ እኛም እንዲሁ እንመክር ነበር። እሷ ግን ስእለቷን ራሷ ነው ያበጀችው፤ ጸበሉን ጠጥቼ እስክጨርስ ኪኒን አልነካም ብላ። ችግሩ ቀጠሮው ነው። አንድ ሰው ቀጠሮ ካለፈበት ሠራተኛ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይፈልገዋል። ሠራተኛው ደግሞ ከየት እንደሚመጣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የባሏ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ያ ሰው ከገባ አበቃ። ስለዚህ ታናሿ ብርቄ የእህቷን ነጠላ ለበሰች፣ ካርዱን ያዘች፣ መጣች። ኪኒኑን እየተቀበለች ከጌሾው ጆንያ ሥር ትደብቀው ነበር፤ እህቴ ስትመለስ ትውጠዋለች ብላ።

አንጓችን ያመጧት በቃሬዛ ነው። ዘመድ ጎረቤት የጤና ጣቢያውን ግቢ ሞላው። «ወይኔ፣ ፊቷ ጠፋ! እሷ ናት ብሎ ማን ያምናል!» እያሉ አለቀሱ። አጠገባቸው ቆሜ አየኋት። ለእኔ ፊቷ ከበፊቱ አልተለየም፤ በፊትም አላውቀው። በዕድሜዬ ከሌላው ሰው ጋር እኩል የሆንኩበት ቀን ያ ብቻ ነው።

መድኃኒቱን ብንጀምርላትም ሰውነቷ አልተቀበለውም። ከዘይነባ ጋር ተፈራርቀን ጠበቅናት፤ ማረፍ አልቀረላትም። ብርቄ አልጋው ሥር ተቀምጣ የእህቷን እግር ይዛ ነበር። አንድም ቃል አልተናገርኳትም። ምን እላለሁ? «አታለልሽኝ» ብል፣ «እርስዎስ አላዩኝም?» ትለኛለች። ውኃ አምጥቼ ሰጠኋት፤ ተቀበለችኝ። ያ ዝምታዬ ለእሷ ምን እንደሆነላት ያወቅሁት ዘንድሮ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ሥራዬን ቀየርኩ። ወንበሩን እንደ ዘይነባ ወደ መስኮቱ መለስኩት። ነጠላ እስኪወርድ መጠበቅ ጀመርኩ፤ ፊቱ ባይነግረኝም ምልክት አገኝበታለሁ። የቃጠሎ ጠባሳ፣ የጎደለ ጥርስ፣ ጆሮ ላይ ያለ ቀዳዳ፤ እነዚህን እንደ ፊደል አጠናቸው ነበር። ስሙን እኔ መጥራቴን ትቼ፣ «ስምህን ንገረኝ፣ የእናትህንም ስም ንገረኝ» ማለት ያዝኩ። «ሲስተር ምነው? ስንት ዓመት ስመላለስ ረሱኝ?» የሚሉኝ ነበሩ። «ሕጉ ነው» እላለሁ። ቅር ያላቸውም አሉ፤ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ የሄዱም አሉ።

ዘይነባ ወደ አገሯ ስትዛወር መኪናው ድረስ ሸኘኋት። ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። እሷ ቀደመችኝና፣ «አንቺ እጅሽ ጥሩ ነው እናኑ፤ እጅሽን እመኚ» አለችኝ። አንዳንድ ጊዜ አውቃለች እላለሁ። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እንዲያው የመሰናበቻ ቃል ነበር እላለሁ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ጡረታዬ ሲቃረብ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሽሮ እየነፋሁ ሬዲዮ ላይ አንድ ሐኪም ስለ አእምሮ ሲያወራ ሰማሁ። ፊት መለየት እንደ ማንበብ የሚማሩት ነገር አይደለም አለ፤ የራሱ ቦታ አለው፤ ሰውም እንደ ቁመቱ ይለያያል፤ እናቱን እንኳ በድምፅዋ የሚለይ አለ፤ አንዴ ያየውን ፊት ዕድሜውን ሙሉ የማይረሳ አለ፤ አብዛኛው መሀል ላይ ነው። ወንፊቱን አስቀመጥኩት። ዘይነባና እኔ በአንድ ጠባብ ክፍል፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ ሁለቱ ጫፎች ላይ ተቀምጠን ኖረናል። ስንፍና አልነበረም። ይህን ማወቄ አቀለለኝ ማለት ግን አልችልም። ስም ያለው ነገር መሆኑ አንጓችን አይመልሳትም።

ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ ሻይ አፍልተው፣ ጋቢ አልብሰው፣ ሸኙኝ። አንዱ ተነስቶ ስለ ምስጢር ጠባቂነቴ ተናገረ፤ አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መሰላቸው። በማግስቱ ዕቃዬን ጭኜ ወደ ቢቸና ልመለስ መናኸሪያ ሄድኩ። መኪናው እስኪሞላ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ሴት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ሲስተር፣ ሊሄዱብን ነው አሉ።»

«አዎ፣ ዕድሜ ደረሰ» አልኩ። ማን እንደሆነች እየጠበቅሁ ነው። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ቀጭንነቱን የማውቀው መሰለኝ።

«ሳልሰናበትዎ እንዳይሄዱ ብዬ ነው የመጣሁ። አንድ የምጠይቅዎ ነገር አለ፤ ይከፋዎታል ብዬ ስፈራ ኖርኩ።»

«ጠይቂኝ።»

«እህቴን ሆኜ ስመጣ ያውቁ ነበር» አለች። «ከመጀመሪያው ቀን ነው ያወቁኝ። ዝም ያሉት አዝነውልኝ ነው፤ ገበናችንን ሊሸፍኑ ነው። ከሞተች በኋላም አንድ ቀን ክፉ አልተናገሩኝም። ጠጉሬን ተላጭቼ፣ ጥቁር ለብሼ ገበያ ላይ ፊትዎ ብቆም ዝም ብለው አለፉኝ፤ አሁንም እየሸፈኑልኝ ነው አልኩ። እኔ በዚያ ነው የቆምኩ። ብሳሳትማ ሲስተር ያስቆሙኝ ነበር፤ የተማሩት ሰው ካላስቆሙኝ ጥፋቱ የኔ ብቻ አይደለም እያልኩ።» ወደ እኔ ዞረች። «ግን ያውቁ ከነበረ ለምን አላስቆሙኝም? አንድ ጊዜ ‹እህትሽ የት ናት› ቢሉኝ እናገር ነበር። አፌ ላይ ነበር።»

ረዳቱ «ቢቸና! ቢቸና የቀረ!» እያለ ይጮኻል። አንድ ሰው ፍየል መኪና ላይ አልወጣ ብላው ይታገላል።

ሁለት መልስ ነበረኝ። «አዝኜልሽ ነው» ብላት ቂሟን ይዛ ትሄዳለች፤ ግን ጥፋቱን የሚጋራት ሰው ይኖራታል። እውነቱን ብነግራት የቆመችበትን ነገር ከሥሯ እጎትተዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ማለት የቀለለኝ ሰው ነኝ፤ በዚያች ሰዓትም ዝምታው አፌ ውስጥ ነበር። ነገር ግን ጠይቃኛለች። አፏ ላይ እያለ ሳልጠይቃት የቀረሁት እኔ ነኝ።

«ብርቄ» አልኳት፤ «አላወቅሁሽም።»

«እንዴት?»

«የሰው ፊት መለየት አልችልም። ስፈጠር ጀምሮ ነው። አንጓችን የማውቃት በነጠላዋ ነበር። ነጠላዋ መጣ፤ አንጓች መጣች አልኩ። ገበያ ላይ ያለፍኩሽ ስላላወቅሁሽ ነው። አሁንም በድምፅሽ ነው የያዝኩሽ።»

ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ጮክ ብዬ ስሰማው የሌላ ሰው ወሬ መሰለኝ።

ብርቄ ቀስ ብላ፣ «ታዲያ እኔ ብቻዬን ነበርኩ ማለት ነው» አለች።

«ብቻሽን አልነበርሽም። ማየት የኔ ሥራ ነበር። አንች እህትሽን ልትሸፍኚ መጣሽ፤ እኔ ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁም። እንደማላይ ደግሞ አውቅ ነበር። ነጠላሽን አውርጂ ብልሽ፣ የእናትሽን ስም ብጠይቅሽ፣ ወይ ዘይነባን እርጂኝ ብላት ይበቃ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ይሄ የኔ ድርሻ ነው፤ አንች አትውሰጂው።»

ተነሳች። ቻው አላለችኝም። ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ ስባ ወደ ገበያው በሚወስደው በር ሄደች። ነጠላ የለበሱ ሴቶች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ ትንሽ ቆይቶ የትኛዋ እንደሆነች መለየት አልቻልኩም። ዞር ብላ አይታኝ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ዕቃዬን አሳፍሬ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ሞተሩን እንዳስነሳ መስታወቱ ተንኳኳ። አንዲት ሴት ውጭ ቆማለች። መስታወቱን ከፈትኩት።

«ብርቄ ነኝ» አለችኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ፣ ሳልጠይቀው ስሙን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

«የእህቴን ፊት አያስታውሱትም ማለት ነው?» አለች።

«አላስታውሰውም ብርቄ።»

ነጠላዋን ከጭንቅላቷ አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣለችው። ወደ መስኮቱ ቀረብ አለች። ፀሐይዋ ፊት ለፊቷ ነበረች።

«እኔን ነበር የምትመስል» አለች። «ዓይኗ ብቻ ነበር የሚለይ፤ ከኔ ጎላ ጎላ ይል ነበር። እስኪ ይዩኝ።»

መኪናው እስኪነሳ ድረስ አየኋት።